ሰናክሬምና ሕዝቅያስ፦ ታሪኩ ምን ያህል ይታመናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳ ዘመቻ በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ታሪኩ በአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ሦስት ቦታ ይገኛል፦ በ2ኛ ነገሥት 18 እና 19፣ በኢሳይያስ 36 እና 37፣ ጠበብ ብሎም በ2ኛ ዜና መዋዕል 32። ባጭሩ እንዲህ ነው። ሕዝቅያስ በአሦር ላይ ያምፃል፤ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ይይዛል፤ መልእክተኞቹ ኢየሩሳሌም ድረስ መጥተው ከቅጥሩ ሥር ይዝታሉ፤ ኢሳይያስ ከተማይቱ አትወድቅም ይላል፤ በአንዲት ሌሊትም የእግዚአብሔር መልአክ ከአሦር ሰፈር 185,000 ሰው ይመታል። ከዚህ በታች ቅ.ል.ክ. ያልነው ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው፤ የቅርብ ጊዜ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህን ታሪክ ከመጽሐፉ ውጭ የጻፈ አለ? ወይስ የምናውቀው ከአንድ ወገን ብቻ ነው?

አለ። ያውም የጻፈው ራሱ ሰናክሬም ነው። በጥንቱ ዓለም አንድን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ጽፈውት፣ ሁለቱም ጽሑፎች እጃችን መግባታቸው እጅግ ብርቅ ነገር ስለሆነ፣ ይህ ታሪክ ከሌሎች ሁሉ በተለየ ሊጠና ይገባዋል እንላለን።

የአሦር ነገሥታት ዘመቻቸውን በሸክላ ላይ በሽብልቅ ጽሕፈት አስጽፈው በሕንጻ መሠረት ውስጥ ያስቀብሩ ነበር። ከሰናክሬም ሸክላዎች ይበልጥ የታወቀው ቴይለር ፕሪዝም የሚባለው ነው። ስድስት ጎን አለው፤ ቁመቱ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የተጻፈውም በ691 ቅ.ል.ክ. ነው። ተመሳሳዩ በቺካጎ፣ ሌላውም በኢየሩሳሌም ሙዚየም አለ። ይሁን እንጂ ለታሪክ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ራሳም ሲሊንደር የሚባለው ነው። የተጻፈው በ700 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። ዘመቻው የተካሄደው በ701 ስለሆነ፣ ገና ትኩስ ሳለ የተጻፈ ማለት ነው።

ሰናክሬም እዚያ ላይ የሚለው ይህን ነው፦ ለቀንበሩ ካልተገዛው ከይሁዳዊው ሕዝቅያስ 46 ጽኑ ቅጥር ያላቸውን ከተሞችና ቁጥር የሌላቸውን መንደሮች ወሰደ፤ 200,150 ሰው አስወጥቶ እንደ ምርኮ ቆጠረ፤ ሕዝቅያስንም “እንደ ቀፎ ወፍ” በንግሥና ከተማው በኢየሩሳሌም ዘጋበት፤ ከተሞቹን ቆርሶ ለአዛጦን፣ ለአቃሮንና ለጋዛ ነገሥታት ሰጠ፤ በመጨረሻ ሕዝቅያስ 30 መክሊት ወርቅና 800 መክሊት ብር፣ ሴቶች ልጆቹንና ዘፋኞቹን ጨምሮ፣ ነነዌ ድረስ ላከለት።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈቱ። 2ኛ ነገሥት 18፥14 ላይ ሕዝቅያስ “በድያለሁ” ብሎ ሰናክሬም ወዳለባት ወደ ይሁዳ ከተማ ወደ ለኪሶ ይልካል፤ ሰናክሬምም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ይጥልበታል። ወርቁ በሁለቱም ዘንድ 30 ነው! አንድ መክሊት 30 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን 900 ኪሎ ግራም ወርቅ ማለት ነው። ብሩ ግን በአንዱ 9 ቶን፣ በሌላው 24 ቶን ይሆናል። ልዩነቱ ከየት መጣ ለሚለው ብዙ ግምት ተሰንዝሯል፤ ከግምት ያለፈ የለም። እኛን የሚያስደንቀን የብሩ አለመስማማት ሳይሆን፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ጸሐፊዎች በወርቁ ላይ አንድ ቁጥር መጻፋቸው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ዋሸ? አሦራዊው አሸነፍኩ ይላል፤ መጽሐፉ አፍሮ ተመለሰ ይላል።

ጥያቄውን በዚህ መልክ ስናነሣ ነው የምንሳሳተው። “ታሪኩ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?” የሚለው ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ወፍራም ወንፊት ነው፤ መጠየቅ ያለበት ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ነው። አንባቢያችን ራስዎ እንዲያደርጉት መንገዱን እናሳይዎ፤ ወረቀትና አንድ ሰዓት ይበቃል።

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ነገሥት፣ ኢሳይያስ፣ ዜና መዋዕል። እያንዳንዱን ድርጊት ትይዩ አድርገው ይጻፉ። ብዙ ሳይሄዱ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ነገሥት ከ18፥13 ቀጥሎ ግብሩንና ከቤተ መቅደሱ ደጆች የተገፈፈውን ወርቅ በሦስት ቁጥር (14፣ 15፣ 16) ይተርካል። ኢሳይያስ ግን ከዚያው ዐረፍተ ነገር በኋላ በቀጥታ ወደ መልእክተኛው ወደ ራፋስቂስ ይዘላል። ሦስቱ ቁጥሮች እዚያ የሉም። ዜና መዋዕልም ግብሩን ጨርሶ አያነሣም፤ ሕዝቅያስ እዚያ የሚታየው ቅጥር ሲጠግን፣ ውኃ ሲደፍን፣ ሕዝቡን ሲያበረታታና ሲጸልይ ነው።

የዕብራይስጡ ጽሑፍ ደግሞ በአማርኛ የማይታይ ነገር ይጨምርልናል። በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች የንጉሡ ስም በአጭሩ፣ ‘ሕዝቅያ’ ተብሎ ተጽፏል። ከቁጥር 17 ጀምሮ ረዘም ብሎ ‘ሕዝቅያሁ’ ይሆናል። በዚህና በሌሎችም ምክንያቶች ብዙ ሊቃውንት የምዕራፉ ጸሐፊ ከአንድ በላይ የቆየ ምንጭ እንደተጠቀመ ያምናሉ። ሦስቱ ቁጥሮች የገንዘብ ሰነድ ይሸታሉ፤ ከቁጥር 17 በኋላ ያለው ንግግርና ጸሎት የሞላበት ትረካ ነው።

እንግዲህ ሰናክሬምን ጠይቁት። የእርሱ ጽሑፍ ከሦስቱ ቁጥሮች ጋር ይገጥማል። አሁን ደግሞ ያላለውን ተመልከቱ። ስለ ሌሎች ከተሞች ከብቤ ያዝኩ፣ ዘረፍኩ ይላል፤ ስለ አመፀኛ ነገሥታት ከዙፋን አወረድኩ፣ ወደ አሦር ወሰድኩ ይላል። ስለ ኢየሩሳሌም ግን ዘጋሁበት ብቻ። ያዝኩ የሚል ቃል የለም፤ ሕዝቅያስም ዙፋኑ ላይ ቀርቷል። ሽንፈትን የማይጽፍ ንጉሥ ድልን አያስቀርም፤ ይዟት ቢሆን ኖሮ ይጽፈው ነበር። ስለዚህ ኢየሩሳሌም አለመውደቋ በሁለቱም ምስክርነት የጸና ነው።

ግን እዚህ ላይ የብዙ ሰባክያንን ስሕተት ሳንጠቅስ አናልፍም። ከተማይቱ ተረፈች ማለት ይሁዳ አሸነፈች ማለት አይደለም። አገሩ ወድሟል፣ ግብሩ ተከፍሏል። የሕዝቅያስ ልጅ ምናሴም በሰናክሬም ልጅ በአስራዶን ጽሑፍ ውስጥ ከገባር ነገሥታት ጋር ተዘርዝሮ ይገኛል። የአሦርም ቁጥር እንዳለ አይዋጥም፤ 200,150 ከጠቅላላው የይሁዳ ሕዝብ ይበልጣል ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ 185,000ዎቹስ? አንድ መጽሔት ላይ “ግሪኩ ሄሮዶቱስ አረጋግጦታል” የሚል አንብቤያለሁ።

አላረጋገጠም። ሄሮዶቱስ የጻፈው ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ ከግብፅ ካህናት የሰማውን ነው። በእርሱ ትረካ ሰናክሬም የሚመጣው በግብፅ ላይ ነው፤ ቦታውም በግብፅ ድንበር ያለችው ፔሉሲየም እንጂ ኢየሩሳሌም አይደለችም፤ ሌሊት የሜዳ አይጦች መጥተው የወታደሮቹን የፍላጻ አፎትና የቀስት ጅማት ቆረጡ ይላል። የሞተ ሠራዊት ሳይሆን መሣሪያ ያጣ ሠራዊት ነው ያለው። አይጥን ከወረርሽኝ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች 1ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ያሉትን የወርቅ አይጦች ይጠቅሳሉ፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። ከሁለቱ ትረካዎች በጋራ የሚወጣው የሰናክሬም ሠራዊት ሳይታሰብ ተመለሰ የሚል ትዝታ ብቻ ነው።

በአሦር ጽሑፎች ስለዚያ ሌሊት አንድም ቃል የለም። ይህ ዝምታ ወዲያም ወዲህም አያመዝንም፤ ሆኖም ቢሆን አይጽፉትም ነበርና። መልአክ መታ የሚለው ደግሞ ቁፋሮ ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው የማይችል የእምነት ቃል ነው፤ በቁፋሮ ስም አረጋገጥን ወይም ውድቅ አደረግን የሚል ሁሉ ከሙያው ድንበር ወጥቷል። ስለ ቁጥሩ የምንለው ግን አለን። ዜና መዋዕል 32፥21 ያንኑ ሌሊት ሲተርክ ቁጥሩን አይጠቅስም፤ ኃያላኑን፣ አለቆቹንና መኳንንቱን አጠፋ ብቻ ይላል። በዚያ ዘመን 185,000 ሰው በአንድ ሰፈር ውኃና እህል እየቀረበለት ይቀመጣል ማለትም ይከብዳል። ቁጥሩን እንደ ቆጠራ ውጤት ባናነበው የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፍስ ጽሑፍ ነው። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አለ?

በብዛት! ከለኪሶ እንጀምር። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መጀመሪያ በ1930ዎቹ ጄምስ ስታርኪ፣ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ዳዊት ኡሲሽኪን ቆፍረዋታል። በደቡብ ምዕራብ ማዕዘኗ ላይ አሦራውያን ቅጥር መደርመሻቸውን ለመግፋት የከመሩት የድንጋይና የአፈር ድልድል እስከ ዛሬ ቆሟል። ኡሲሽኪን ከ13,000 እስከ 19,000 ቶን ድንጋይ እንደፈጀ ገምቷል። ከቅጥሩ ውስጥ በዚያው ትይዩ ተከላካዮቹ የከመሩት ሌላ ድልድል ተገኝቷል፤ ውጪው ቢናድ ከኋላ ሁለተኛ መከላከያ እንዲሆን ነው። በዙሪያው በመቶ የሚቆጠሩ የቀስት ጫፎችና የወንጭፍ ድንጋዮች ተለቅመዋል፤ የከተማዋ ንብርም በእሳት ተቃጥሏል።

ይህንኑ ውጊያ ሰናክሬም ነነዌ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ፣ በአንድ ክፍል ግድግዳ ዙሪያ በድንጋይ አስቀርጾታል። ቅርጹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦስተን ሄንሪ ላያርድ ተቆፍሮ ወጥቶ አሁን ለንደን ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት፣ መደርመሻው በድልድሉ ላይ ሲወጣ ከላይ የሚነድ ችቦ ይዘንብበታል፤ አንድ ወታደር ደግሞ ከመደርመሻው ውስጥ ብቅ ብሎ በረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ከፊቱ ላይ ውኃ ያፈስሳል፣ እንዳይቃጠል። ከዚያ ወዲያ ምርኮኞች ዕቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ሲወጡ፣ በመጨረሻም ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ ይታያል፤ አጠገቡ የለኪሶ ምርኮ በፊቱ አለፈ የሚል ጽሑፍ አለ። 2ኛ ነገሥት ንጉሡ ለኪሶ ላይ እንደነበረ ሦስት ጊዜ ሲናገር፣ የሸክላው ጽሑፍ ግን ለኪሶን በስም አይጠራትም። መጽሐፉ የሚለውን ሸክላው ባይደግመውም ድንጋዩ ደግሞታል። ሌላም ነገር አለ፦ 2ኛ ነገሥት 19፥32 ሰናክሬም በኢየሩሳሌም ላይ “የአፈር ድልድል” አይደለድልም ይላል። በለኪሶ ድልድሉ ይኸው ቆሟል፤ በኢየሩሳሌም ግን ከዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም።

በለኪሶው ቃጠሎ ሥር እጀታቸው “ለንጉሥ” የሚል ማኅተም የታተመባቸው ትልልቅ ማሰሮዎች ተገኝተዋል፤ አንዱ 45 ሊትር ገደማ ይይዛል። በመላው ይሁዳ የተገኙት እንዲህ ያሉ እጀታዎች ከ2,000 በላይ ናቸው። ከንጉሡ ቃል በታች ከአራት የቦታ ስሞች አንዱ ይጻፋል፤ ከእነርሱም መካከል ኬብሮን፣ ዚፍና ሶኮ አሉ። የቤተ መንግሥቱ የአቅርቦት ሥራ ምን ያህል የተደራጀ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ወደ ኢየሩሳሌም ስንመጣ የግዮንን ምንጭ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ የሚያደርሰው ዋሻ አለ፤ 2ኛ ነገሥት 20፥20 ሕዝቅያስ ውኃ ወደ ከተማይቱ አስገባ ይላል። ርዝመቱ 533 ሜትር፣ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው ዝቅታ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1880 አንድ ልጅ በውኃው ውስጥ ሲጫወት ግድግዳው ላይ ስድስት መስመር ጽሑፍ አየ፤ ጽሑፉ አሁን ኢስታንቡል ሙዚየም ነው። ከሁለት ጫፍ የተነሡ ቆፋሪዎች ሦስት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደሰማ፣ ከዚያም ዶማ በዶማ ላይ እንደተገናኙ፣ ውኃውም 1,200 ክንድ እንደፈሰሰ ይናገራል። 533 ሜትርን ለ1,200 ያካፍሉት፤ 44 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣል፣ ትክክለኛ አንድ ክንድ! ጽሑፉ የማንንም ንጉሥ ስም አይጠቅስም፤ ይህ መነገር አለበት። በ2003 የታተመ ጥናት ግን በልስኑ ውስጥ የተገኘውን የዕፅዋት ቅሪትና ከጣራው የተንጠለጠለውን የኖራ ጠብታ መርምሮ ዘመኑን 700 ቅ.ል.ክ. ገደማ አድርጎታል።

የሕዝቅያስ ማኅተም ያረፈባት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጭቃም አለች፤ “የአካዝ ልጅ፣ የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ” ትላለች። የወጣችው በ2009 በተደረገ ቁፋሮ ሲሆን ይፋ የሆነችው በ2015 ነው። እንዲህ ያሉ ማኅተሞች ቀደም ብሎ ከቅርስ ነጋዴዎችም ተገኝተዋል፤ ከየት እንደወጡ ስለማይታወቅ ግን የሐሰት ሥራ ጥርጣሬ አይለያቸውም። ስለ አንድ ግኝት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ከቁፋሮ ነው ወይስ ከገበያ?

ጥያቄ፦ 2ኛ ነገሥት 19፥9 “የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ” ይላል። በ701 ንጉሥ አልነበረም የሚሉ አሉ።

ልክ ናቸው፤ ዙፋን ላይ የወጣው በ690 ቅ.ል.ክ. ነው። ይሁን እንጂ ይህ ታሪኩን አያፈርሰውም። የምዕራፉ ጸሐፊ ሰናክሬም መሞቱን (681) ያውቃል፤ ስለዚህ በሚጽፍበት ጊዜ ቲርሐቅ ንጉሥ ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነበር። በኋላ ንጉሥ የሆነን ሰው በንግሥና ስሙ መጥራት እኛም የምናደርገው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ “ያኔ የ9 ዓመት ሕፃን ነበር” የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ የራሱ የቲርሐቅ የድንጋይ ጽሑፎች እንደገና ሲመረመሩ ወድቋል። በእነርሱ ላይ ከደቡብ ወደ ግብፅ የመጣው የ20 ዓመት ወጣት ሳለ እንደሆነ ይናገራል።

ስለ አገሩም አንድ ነገር እንጨምር። ዕብራይስጡ የሚለው ኩሽ ነው። ወደ ግሪክ የተረጎሙት ሰዎች ቃሉን ‘ኢትዮጵያ’ አሉት፤ የአማርኛውም ትርጉም እዚያው ጸንቷል። የቲርሐቅ መንግሥት መቀመጫ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለችው ናፓታ ነበረች። ሰናክሬምም በኤልተቄ ሜዳ ከግብፅና ከዚያ ከደቡብ አገር ከመጣ ሠራዊት ጋር እንደተዋጋ ጽፏል፤ በዚህም ነገሥትና ሸክላው ይስማማሉ።

ጥያቄ፦ “በ14ኛው ዓመት” የሚለው ከሌላው ጋር አልገጥም አለኝ።

አይገጥምም። 18፥10 ሰማርያ በሕዝቅያስ 6ኛ ዓመት ወደቀች ይላል፤ የወደቀችው በ722 ገደማ ስለሆነ መንገሥ የጀመረው በ728 አካባቢ ይሆናል። 18፥13 ግን ሰናክሬም የመጣው በ14ኛው ዓመት ነው ይላል፤ ከ701 ወደ ኋላ ሲቆጠር 715 ይሰጣል። ከሚቀርቡት መፍትሔዎች እኛ የምንመርጠው ይህን ነው፦ ሕዝቅያስ 29 ዓመት ነገሠ፣ በጠና ታሞ ሲድን 15 ዓመት ተጨመረለት (2ኛ ነገሥት 20)፤ 29 ሲቀነስ 15፣ 14። ስለዚህ ‘14ኛው ዓመት’ መጀመሪያ የሕመሙ ቀን ነበር፤ የሕመሙና የወረራው ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወደ ወረራው ተሻገረ።

ጥያቄ፦ ሰናክሬም በልጆቹ እጅ መሞቱ ከሌላ ቦታ ይታወቃል?

ይታወቃል። 2ኛ ነገሥት 19፥37 በአምላኩ ቤት ሲሰግድ ልጆቹ አደራሜሌክና ሳራሳር እንደገደሉት፣ አስራዶንም እንደነገሠ ይናገራል። የባቢሎን ዜና መዋዕል የሚባለው የባቢሎናውያን የሸክላ መዝገብም ልጁ በዓመፅ እንደገደለው ከነወሩና ከነቀኑ ይመዘግባል፤ የልጁን ስም ግን አይነግረንም። በ1980 ፊንላንዳዊው ሊቅ ሲሞ ፓርፖላ አንድ የተሰባበረ የአሦር ደብዳቤ አንብቦ ስሙን አወጣው፦ አርዳ ሙሊሱ። ‘አደራሜሌክ’ የሚለው የዚሁ ስም በአፍ ሲተላለፍ የተለወጠ መልኩ ነው።

አንባቢ የሚሳተው ጊዜውን ነው። ቁጥር 36 ወደ ነነዌ ተመለሰ ይላል፣ ቁጥር 37 ይገደላል፤ ሲነበብ በማግስቱ ይመስላል። በመካከሉ ግን 20 ዓመት አለ፣ ከ701 እስከ 681። ደብዳቤው ደግሞ እንዲህ ይተርካል፦ አንድ ሰው ሤራውን አውቆ ለንጉሡ ለመንገር ይመጣል። ሁለት ሹማምንት ፊቱን በልብሱ ሸፍነው ያስገቡትና ንጉሡ ፊት ነህ፣ ተናገር ይሉታል። እርሱም “ልጅህ አርዳ ሙሊሱ ሊገድልህ ነው” ይላል። ፊቱ ሲገለጥ የቆመው በአርዳ ሙሊሱ ፊት ነበር።